ወረፋ ያለባቸው የቅንጦት ኤስዩቪዎች፦ የቱን መጠበቅ ያዋጣል?

ዲለር ገብተው «ይህ መኪና ወረፋ አለው» ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ወር?» ሳይሆን «የምን ወረፋ?» ነው። የሌክሰስ ወረፋ ሌላ፣ የቢኤምደብሊው ወረፋ ሌላ ነው። አንዱ ጋ ስምዎ የሚጻፈው በሻጩ ደብተር ላይ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው እርስዎ መኖርዎንም አያውቅም። ሌላው ጋ ያዘዙት መኪና የራሱ ቁጥር ወጥቶለት ፋብሪካ ይገባል። ይህን ሳይለይ ቀብድ የከፈለ ሰው ወራት ጠብቆ ያልጠየቀው ቀለም፣ ያልፈለገው ፓኬጅና ያልተስማማበት ዋጋ ይቀርብለታል። «ካልፈለጉት ከኋላዎ የሚወስደው ሰው አለ» ይባላል፤ አነጋገሩም ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ይህ ንጽጽር አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚገዙ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹም ቀኖቹም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች «ጥቂት ዓመት ነድቼ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለው ስሌት እዚህ ውስጥ አልገባም።

ወረፋው ያለው በስሙ ሳይሆን በሞተሩ ላይ ነው

«ሌክሰስ ኤንኤክስ አይገኝም» ሲባል በአብዛኛው የማይገኘው ኤንኤክስ 350ኤች ነው፤ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምረው ሃይብሪዱ። ባለ ቱርቦው ኤንኤክስ 350 ግን ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ቆሞ ገዢ ይጠብቃል። የሁለቱ አካል፣ ወንበርና ስክሪን ያው ነው። ልዩነቱ ኮፈኑ ሲከፈት ነው የሚታየው፦ 350 ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ሆኖ 275 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 350ኤች ባለ 2.5 ሊትር ሃይብሪድ ሆኖ 240 ገደማ። ስለዚህ ሌክሰስን ከመርሰዲስ ጋር ከማወዳደር በፊት የዚሁን የአንዱን መኪና ሁለት ሞተሮች ማወዳደር ይቀድማል። የፋብሪካ ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ነገሩ የሚያልቀው በነዳጅ ነው።

በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ 350 በአማካይ በጋሎን 25 ማይል ገደማ፣ 350ኤች 39 ማይል ይሄዳል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው 480 ጋሎን፣ ሁለተኛው 308 ጋሎን ይጠጣል። ቱርቦው ፕሪሚየም ቤንዚን ነው የሚፈልገው፣ ሃይብሪዱ ተራውን 87 ይወስዳል። ለስሌት ያህል ፕሪሚየሙን በ4.20 ዶላር፣ ተራውን በ3.30 ዶላር ብንይዘው አንዱ በዓመት 2,016 ዶላር፣ ሌላው 1,016 ዶላር ያስወጣል። የዓመቱ ልዩነት 1,000 ዶላር ነው። አምስት ዓመት ለሚይዘው ሰው ስድስት ወር መጠበቅ ያዋጣል። በኡበርና በሊፍት በዓመት 30,000 ማይል ለሚነዳ ደግሞ ልዩነቱ 2,500 ዶላር ስለሚደርስ ማሰብም አያስፈልገውም። ከቤት ወደ ሜትሮ ጣቢያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትነዳ፣ በዓመት 5,000 ማይል የማትሞላ እናት ግን በዓመት የምታተርፈው 420 ዶላር ቢሆን ነው። ለእሷ ግቢው ውስጥ የቆመውን 350 ተደራድራ ቅናሽ አስወርዳ መውሰዱ ይሻላታል። ሃይብሪዱ ላይ ቅናሽ የሚባል ነገር ብዙም አይታሰብም።

ከግድግዳ የሚሞላው 450ኤች ፕላስ ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው። ባትሪው 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ በኤሌክትሪክ ብቻ 37 ማይል ይሄዳል፣ ጉልበቱ 304 ነው። መኪናው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሰዎች የሚገዙበት ምክንያት ነው። ለ37 ማይል ከግድግዳው ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ16 ሳንቲም ብንይዘው 2.40 ዶላር ይሆናል። 350ኤች ያንኑ መንገድ በ3.13 ዶላር ቤንዚን ይጨርሰዋል። በቀን 73 ሳንቲም! በየቀኑ ሳያዛንፉ ቢሞሉት እንኳ በዓመት 300 ዶላር አይደርስም፤ የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ግን ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ጉልበቱንና ጸጥታውን የወደደ ይግዛው፤ ለቁጠባ ብሎ ወረፋ የሚይዝ ግን ስሌቱ ተሳስቶበታል። አፓርትመንት የሚኖርና ማታ መኪናውን የሚሰካበት የሌለው ሰው ደግሞ ጭራሹኑ ሊያስበው አይገባም። በተራው የ120 ቮልት ሶኬት ለመሙላት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ኬብል አውርዶ የሚቆይ ሰው የለም።

አንዳንድ ሻጭ አሁንም «7,500 ዶላር ከመንግሥት ይመለስልዎታል» ሊል ይችላል። ያ የፌዴራል ጥቅም ከመስከረም 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዙ መኪኖች ቀርቷል። 450ኤች ፕላስ ጃፓን ስለሚሠራ ከዚያ በፊትም፣ ከነሐሴ 2022 ወዲህ፣ በግዢ አያገኘውም ነበር፤ በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) በኩል ብቻ ነበር ቀዳዳው።

ሌክሰስ፦ ወረፋው ደብተር ላይ ነው

ሌክሰስ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ደንበኛ ስም መኪና አያመርትም። ለየዲለሩ በየጊዜው ኮታ ይመደብለታል፤ ብዙ የሸጠ ብዙ ይመደብለታል። የሻጩ ሥራ በመንገድ ላይ ካሉትና ሊመረቱ ከተመደቡት ውስጥ ለጥያቄዎ የሚቀርበውን መያዝ ነው። ሰው «አዘዝኩ» ቢልም ያደረገው «ከሚመጣው ውስጥ ይያዝልኝ» ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ያናድዳል፤ ወረፋው በተራ ቁጥር አይሄድም። ሰባተኛ የተመዘገበ ሰው አራተኛውን ሊቀድም ይችላል፤ የመጣው መኪና ከሰባተኛው ጥያቄ ጋር ስለገጠመ። ስለዚህ «ከፊቴ ስንት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አይነግርም። የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት 350ኤች መጣላችሁ? ከእነሱ ውስጥ እኔ የምፈልገው ትሪም (የዕቃ ደረጃ) ስንቱ ነበር? ከፊቴ ካሉት ስንቱ ያንኑ ትሪምና ያንኑ ቀለም ጠየቁ?» በወር ሁለት እንደዚያ ያለ መኪና የሚመጣለት ዲለር ከፊትዎ አምስት ተመሳሳይ ጥያቄ ካለው ከሁለት ወር ተኩል በፊት አይደርስዎትም። ሻጩ እነዚህን ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ላይ ያያቸዋል። «እሱን ማወቅ አይቻልም» ካለ ሊነግርዎት አልፈለገም፤ ወደሚቀጥለው ዲለር ይሂዱ።

ወረፋ የሚያሳጥረው ትልቁ ነገር ገንዘብ ሳይሆን ልል መሆን ነው። «ነጭ ወይም ግራጫ ወይም ጥቁር፤ ውስጡ ጥቁርም ቡናማም ይሁን» ያለ ሰው «ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ» ካለው ብዙ ቀድሞ ይነዳል። የግድ የሚሏቸውን ነገሮች ከሁለት አያሳልፉ። ትልቁ ባለ 14 ኢንቹ ስክሪን፣ ዙሪያውን የሚያሳየው ካሜራ፣ መስታወት ላይ ፍጥነት የሚያሳየው መሣሪያና ማርክ ሌቪንሰን ድምፅ ማጉያ አራቱም የግድ ከሆኑ፣ አራቱ በአንድ ላይ የሚገጠሙበት መኪና እስኪመደብ እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ከአራቱ አንዱን ይምረጡ ቢባል ካሜራው ይበልጣል፤ የኋላ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ሁልጊዜ ይጠቅማል። የድምፅ ማጉያውን ግን ሁለቱንም ሰምተው ይወስኑ፤ ተራውም ለሙሉቀን መለሰ የሚያንስ አይደለም።

መኪናው ሲመደብልዎ የሻንሲ ቁጥሩን ይጠይቁ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። በ«ጄ» ከጀመረ ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ ካለው የሚያታ ፋብሪካ ነው፤ በባሕር ነው የሚመጣው። በ«2» ከጀመረ ካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኬምብሪጅ ውስጥ ተሠርቷል፤ በባቡርና በከባድ መኪና ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። 450ኤች ፕላስ የሚመጣው ከጃፓን ብቻ ነው። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ «ኤስ» 2025፣ «ቲ» 2026 ነው። ዓመት መባቻ ላይ «የአዲሱ ዓመት ነው» ተብሎ የአምናው እንዳይሰጥዎ ይህችን አንዲት ፊደል ማየት ይበቃል። የሻንሲ ቁጥር ሊሰጥ ያልቻለ ሻጭ መኪናም የለውም፤ «እየመጣ ነው» የሚለው ተስፋ ብቻ ነው።

በሦስትና በአራት ዲለር ደብተር ላይ መመዝገብ ነውር አይደለም፤ ቀብዱ የሚመለስ እስከሆነ ድረስ። ከባልቲሞር እስከ ሪችመንድ ያሉትን መጠየቅ ያስኬዳል። ግብሩ የሚከፈለው መኪናው በሚመዘገብበት ቦታ እንጂ በተገዛበት ቦታ ስላልሆነ፣ ሩቅ ሄዶ መግዛት የሚጨምረው የመንገዱን ድካም ብቻ ነው።

ትዕዛዙ ፋብሪካ የሚደርስባቸው

ቢኤምደብሊው ኤክስ 3፣ መርሰዲስ ጂኤልሲ፣ ኦዲ ኪው 5፣ ቮልቮ ኤክስሲ 60 እና ፖርሽ ማካን ላይ ቀለሙንና ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠው ማዘዝ ይችላሉ። እዚህ ወረፋው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዲለሩ የማምረቻ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ይህ የማይታየው ወረፋ ነው። ከዚያ ትዕዛዙ ፋብሪካው ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ቁጥር ይወጣለታል። ቢኤምደብሊው ላይ ይህ ቁጥር የማምረቻ ቁጥር ይባላል፤ ሻጩ ካልሰጠዎት ትዕዛዝዎ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። የማምረቻው ሳምንት ከተቆረጠ በኋላ ቀለም መለወጥ አይቻልም። ሐሳብዎን ሊለውጡ የሚችሉበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ያስይዙ።

ኤክስ 3 የሚሠራው ደቡብ ካሮላይና፣ ስፓርታንበርግ ውስጥ ስለሆነ ባሕር አያቋርጥም፤ ከጀርመን ከሚመጣው ጂኤልሲ የሚፈጥንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኪው 5 ከሜክሲኮ፣ ሳን ሆሴ ቺያፓ ይመጣል። እዚህ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ያታልላል፦ ሜክሲኮ ተሠርቶም በጀርመኖቹ «ደብሊው» ነው የሚጀምረው። የትውልድ ቦታውን የሚናገረው አሥራ አንደኛው ቦታ ላይ ያለው «2» ነው። ቀላሉ መንገድ ግን በሕግ ግዴታ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን የዋጋ ወረቀት ማንበብ ነው፤ መጨረሻ የተገጣጠመበት ከተማ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ባሕር ማቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም። በየካቲት 2022 ፊሊሲቲ ኤስ የምትባል መርከብ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፎልክስዋገን ቡድን መኪኖች ጭና፣ ፖርሽና ኦዲ ጭምር፣ አዞረስ ደሴቶች አካባቢ ተቃጥላ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰጠመች፤ ባለቤቶቹ እንደገና ወረፋ ገቡ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የዚሁ ቡድን በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የቻይናን የግዳጅ ሥራ የሚከለክለውን ሕግ ጥሳለች ተብሎ ዕቃዋ እስክትቀየር አሜሪካ ወደብ ላይ ታግደው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 26 ቀን ባልቲሞር ላይ ድልድዩ በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ የመርከብ መግቢያው እስከ ሰኔ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። «መርከብ ላይ ነው» ማለት «ደረሰ» ማለት አይደለም። የአሁን መኪናዎን ሊዝ በዚያ ተስፋ አይዝጉ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው «ሃይብሪድ» በሚለው ቃል ነው። ኤክስ 3 30፣ ጂኤልሲ 300፣ ቮልቮ ቢ 5 ሁሉም «ማይልድ ሃይብሪድ» ናቸው፤ ባለ 48 ቮልት ትንሽ ባትሪ ሞተሩን ሲያስነሳና ሲያግዝ ብቻ የሚሠራባቸው። መኪናውን ብቻውን በኤሌክትሪክ አይነዳውም፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥም የሌክሰሱን 39 ማይል አያመጣም። ኤክስ 3ን ለአነዳዱና ለዕቃ ቦታው ይግዙት፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ 31.5 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል፣ ኤንኤክስ 22.7 ብቻ። ልዩነቱ የሚገባዎ የቨርጂኒያው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ ሊሸኙ ሲሄዱ ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይዞ አራት ሆነው ከተነሱ ስምንት ሻንጣ ይሆናል፤ ያን ከእነ ሰዎቹ የሚችል ኮምፓክት ኤስዩቪ የለም። ሁለት መንገደኛ ከነአራት ሻንጣው ግን ኤክስ 3 ይችላል፤ ኤንኤክስ ላይ የኋላ ወንበሩን ከፊል ማጠፍ ይጠይቃል።

ከግድግዳ የሚሞላ ከፈለጉና ቤትዎ ቻርጀር ካለዎት ግን ከ450ኤች ፕላስ ይልቅ ጂኤልሲ 350ኢን ቢያዩ ይሻላል፤ በአንድ ሙሌት 54 ማይል ይሄዳል። ማታ ማታ እየሞሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ ደርሶ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ቤንዚን ማለት ነው። ባትሪው ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ስለገባ የኋላ ቦታው ጠቧል፤ ሻንጣ ይዘው ሄደው ይሞክሩት። ቮልቮ ቲ 8 455 የፈረስ ጉልበት ይዞ በኤሌክትሪክ 35 ማይል ይሄዳል። ከግድግዳ ከሚሞሉት ከሦስቱ ፈጣኑና፣ በእኛ ዓይን፣ ውስጡም ያማረው እሱ ነው። ግን ፊት ቱርቦ ሞተር፣ ኋላ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ መሃል ትልቅ ባትሪ ያለው መኪና ነው፤ የ4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ዋስትናው ካለቀ በኋላ የሚያውቀው ጋራዥ ጥቂት ነው። ሊዝ ማድረግ ይበጃል፤ አሥር ዓመት ለመያዝ አይገዛም።

የኤንኤክስ 350ኤች ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ሞተሩ ካምሪ ሃይብሪድና ራቭ ፎር ሃይብሪድ ውስጥ ካለው ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ፕሪየስ ሲፈታ የኖረ ማንኛውም የሐበሻ መካኒክ ያውቀዋል። ዋናው ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ቢሆንም ሞተርና ካምቢዮው 6 ዓመት ወይም 70,000፣ የሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሸፈናል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ባትሪው አየር የሚስብበት ወንፊት ከኋላ ወንበሩ ሥር አለ። ልጆች የሚያራግፉት የብስኩት ፍርፋሪና የውሻ ጠጉር ሲደፍነው ባትሪው ይሞቃል፤ ዕድሜው የሚያጥረው በዚህ ነው። በዘይት ቅያሪ ጊዜ እንዲጸዳ ይንገሩ።

መጠበቅ ለማይፈልግ ጀነሲስ ጂቪ 70 አለ። 300 ወይም 375 የፈረስ ጉልበት፣ 28.9 ኪዩቢክ ጫማ የዕቃ ቦታ፣ ለመጀመሪያው ባለቤት 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና ካምቢዮ ዋስትና። ነዳጅ ይጠጣል፣ ሃይብሪድ የለውም። ማካንን የፈለገ ለምን እንደፈለገው ያውቃል፤ በአውሮፓ ኅብረት የቤንዚኑ ማካን በሳይበር ደኅንነት ደንብ ምክንያት በ2024 ከገበያ ወጥቷል፣ ተተኪው ኤሌክትሪክ ነው። ለቅንጦቱ ግድ የሌለው ደግሞ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ በሙሉ ሃይብሪድ የሆነውን ራቭ ፎር ሳያይ ሌክሰስ ላይ ቀብድ ባይከፍል ይመረጣል።

የቀብዱ ወረቀት

ቀብዱ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ነው። በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ፤ ክርክር ቢነሳ ባንኩ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ጥሬ ገንዘብና ዜል አይስጡ። ደረሰኙ ላይ «የሚመለስ» የሚለው ቃል በእጅም ቢሆን ተጽፎ የሻጩ አስተዳዳሪ ይፈርምበት። ሻጩ በቃል «አይዞዎት፣ ይመለሳል» ማለቱ ዋጋ የለውም፤ መኪናው ሲመጣ እሱ ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል።

ከቀብዱ በፊት የመጨረሻውን ጠቅላላ ዋጋ በኢሜይል ያስልኩ፤ ወርሃዊ ክፍያን ሳይሆን። አንድ ረቂቅ ሲመጣ እንዲህ ይነበባል እንበል፦ የመስኮት ዋጋ ማጓጓዣን ጨምሮ 52,000፣ «የገበያ ማስተካከያ» 3,000፣ «የጥበቃ ፓኬጅ» 1,995፣ የሰነድ ክፍያ 900፣ ከዚያ ግብርና ታርጋ። የመጀመሪያው መስመር የፋብሪካው ነው። ሁለተኛው ከአየር የመጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ይጠይቁ። ሦስተኛው ውስጥ ምን እንዳለ በዝርዝር ያስጽፉ፤ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ የሻንሲ ቁጥር፣ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ገና ያልተሠራ መኪና ላይ «ቀድሞ ተገጥሟል» ሊባል አይችልም፤ ወረፋ የያዘ ገዢ ከሌላው የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ስለሆነ ይጠቀሙበት። አራተኛው ለሁሉም ደንበኛ እኩል ስለሚጠየቅ አይቀርም፤ ግን ለማወዳደር ይረዳል፦ 500 የሚያስከፍል ዲለርና 1,000 የሚያስከፍል ዲለር አንድ ዋጋ ሰጡ አይባልም።

ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ያስጨምሩ፦ ሲጠብቁ ፋብሪካው ዋጋ ቢጨምር ማን ይከፍላል? ትዕዛዙ በቀረበበት ቀን ዋጋ እንዲረጋ የሚያደርጉ ብራንዶች አሉ፣ ሌክሰስ ላይ ግን መኪናው ሲደርስ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ነው ዋጋው። ስለዚህ እዚያ የሚጻፈው «ከመስኮት ዋጋው በላይ ጭማሪ የለም» የሚል ይሁን፤ የዶላር መጠን አይጻፍ።

ግብሩን ከወዲሁ ያስሉ። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ነው፤ በ52,000 ዶላር መኪና ላይ 2,158 ከ3,380 ማለት ነው። ቨርጂኒያ ርካሽ መስሎ ቢታይም ካውንቲው በየዓመቱ የመኪና ግብር ይልካል፤ አዲስና ውድ መኪና ላይ የመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ ያስደነግጣል። ቨርጂኒያ አሮጌ መኪናዎን ለዲለሩ ቢያስረክቡም ግብሩን ከሙሉ ዋጋው ነው የምታሰላው። ዲሲ በመኪናው ክብደትና በነዳጅ ፍጆታው ትለካዋለች።

በመጠበቂያው ወራት የሚበላሹ ነገሮች

ዛሬ ለአሮጌው መኪናዎ የተሰጠዎት ግምት ከአምስት ወር በኋላ አይሠራም። ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛው የካርማክስ ዋጋ ለ7 ቀን ነው የሚጸናው። ስለዚህ ቀብድ ሲከፍሉ ስለ አሮጌው መኪና ጨርሶ አይደራደሩ፤ አዲሱ ወደብ ሲደርስ ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ያስወጡና ትልቁን ለዲለሩ ያሳዩት። በመሃል ትልቅ ጥገና ካስፈለገው ግን ለደኅንነት የግድ ካልሆነ አይሠሩለት፤ 1,500 ዶላር ያወጡበት ካምቢዮ ግምቱን ያን ያህል አይጨምርም።

ክሬዲት ዩኒየን የሚሰጠው የብድር ቅድመ ፈቃድ ከ30 እስከ 60 ቀን ነው የሚቆየው። ገና ሲመዘገቡ መጠየቅ ክሬዲትዎን በከንቱ ማስነካት ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ ሲሰጥ ይጠይቁ። ሊዝ የሚያደርግ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የርክክቡን ወር ወለድና ቅናሽ እንጂ የተመዘገበበትን ወር አይደለም። አሁን ያለዎት ሊዝ የሚያልቅ ከሆነ ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ደውለው በወር በወር እንዲራዘም ያስፈቅዱ፤ አብዛኞቹ እስከ ስድስት ወር ያራዝማሉ፣ የማይል ገደቡም አብሮ ያድጋል።

መኪናው ደርሶም «ሪኮል (ፋብሪካው እንዲስተካከል ያዘዘው ጉድለት) አለበት፣ አሁን መስጠት አንችልም» ሊባሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ዲለሩን አይቆጡት፤ የፌዴራል ሕግ ሪኮል ያልተሠራለትን አዲስ መኪና ማስረከብ ይከለክላል። የሻንሲ ቁጥሩን በብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ራስዎ አስገብተው ማየት ይችላሉ።

የርክክቡ ቀን

ቀን በብርሃን ይሂዱ። ማታ ተረክቦ ጠዋት ፓራውልቱ ላይ ጭረት ያየ ሰው ማስረዳት አይችልም። ማይሉ ከ20 በታች መሆን አለበት፤ 200 ካለ ሌላ ሰው ሲሞክረው ነበር ወይም ከሌላ ዲለር ተነድቶ መጥቷል፤ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ፤ 3225 ማለት የ2025 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ይሁኑ። መርከብ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ጎማው ከልክ በላይ ይነፋል፤ ሳይቀነስ የቀረ ከሆነ መኪናው ይነጥራል፣ ገዢውም «ሌክሰስ ሻካራ ነው» ብሎ ይሄዳል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል።

ወደብ ላይ የቆመ መኪና ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪው ይዳከማል። ሃይብሪድ ላይ ይህ ባትሪ ሞተ ማለት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም። አዳራሹ ውስጥ ቮልቱን ያስለኩ፤ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ 12.6 አካባቢ ጤነኛ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ተሞልቶ ሳይሆን ተቀይሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ኤንኤክስ ላይ በሩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ቁልፍ ስለሆነ ባትሪው ቢሞት እንዴት እንደሚወጡ ለልጆችም ያሳዩ፤ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ መሳብ ነው።

ቅያሪ ጎማ መኖሩን ወለሉን አንስተው ይዩ፤ አንዳንዱ የሚመጣው ከመጠገኛ ፈሳሽ ጋር ብቻ ነው። ከግድግዳ በሚሞላው ላይ የቻርጅ ኬብሉ ከረጢቱ ውስጥ ይኑር። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ከተባለ፣ ምንጣፉም «ከመጋዘን ይላካል» ከተባለ፣ ዲለሩ ገና ያልሰጠዎት ዕቃ የሚመዘገብበት ዲው ቢል የሚባለው ወረቀት ላይ ዕቃውና ቀኑ ተጽፎ አስተዳዳሪው ሳይፈርምበት የመጨረሻውን ፊርማ አይፈርሙ።